ጥቁር ጠርዝ የተደረገለት የእትዬ ሸዋወርቅ ፎቶግራፍ

ተጨማሪ የምስክር ቃል

የምስክር ስም፦ ጂቱ ቶኩማ
ዕድሜ፦ 18
የትምህርት ደረጃ፦ ስምንተኛ ክፍል
ሥራ፦ የፎቶ ቤት ረዳት
አድራሻ፦ አዳማ ከተማ፣ መብራት ኃይል አካባቢ፣ በወ/ሮ ሸዋወርቅ ግቢ ከእናቷ ጋር ተከራይ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሰኞ ኅዳር 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ
ቃሉን የተቀበለው፦ ምክትል ሳጅን ቀነዓ ጫላ
ጉዳዩ፦ ለሕዝብ እይታ ከመናፈሻ አጥር ላይ ተሰቅሎ የነበረ ፎቶግራፍ ተቆርጦ ስለመወሰዱ

ዛሬ ሰኞ ኅዳር 15 ቀን ማንም ሳይጠራኝ ወደ ጣቢያው መጥቻለሁ። ከየት እንደምጀምር አላውቅም። ቅዳሜ ዕለት በዚሁ ክፍል በሰጠሁት ቃል ውስጥ ውሸት የለም። ነገር ግን የጎደለ አለ፤ የጎደለውም የሰው ስም ነው። እኔ ያንን ስም በመዋጤ የመናፈሻው ጥበቃ ኦቦ ጆቴ ከቅዳሜ ጀምሮ ታስረው ይገኛሉ፤ ነገም ፍርድ ቤት እንደሚቀርቡ ሰምቻለሁ። ስሙን ብናገር ደግሞ የሚያዘው ያከራየችን ሴት አንድያ ልጅ ነው። ምክትል ሳጅን ቀነዓ ተረጋግቼ ከመጀመሪያው እንድናገር ስለነገሩኝ እንደሚከተለው አስረዳለሁ።

የምሠራው አቶ ዲበኩሉ ፎቶ ቤት ነው። ጉርድ ፎቶ አነሳለሁ፣ አትማለሁ፣ እቆርጣለሁ። ሰው የሞተበት ቤተሰብ የሟቹን መታወቂያ ይዞ ሲመጣ ፎቶውን አሳድገን፣ ጥቁርና ነጭ አድርገን፣ ዙሪያውን በጥቁር ጠርዝ ከበን እንሰጠዋለን። በለቅሶ ድንኳን ውስጥ የሚቆመው እሱ ነው። በእጄ ብዙ ሠርቻለሁ። ይህን የምናገረው፣ ከዚህ በታች ስለምገልጸው ነገር አላወቅሁም ማለት እንደማልችል ፖሊስ እንዲረዳልኝ ነው።

ጠፋ የተባለውን ፎቶግራፍ ያነሳሁት ባለፈው ሐምሌ ወር ነው። አቶ ዲበኩሉ ካሜራውን ለመለማመጃ ወደ ቤት እንድወስድ ፈቅደውልኝ ነበር። እትዬ ሸዋወርቅ፣ ማለትም አከራያችን፣ ከግቢው በር አጠገብ ባለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው አውርደው ወደ አስፋልቱ ይመለከቱ ነበር። ልጃቸው ማስረሻ በጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነው። እኔ ጋሼ ነው የምለው። ይመጣል በተባለበት ቀን ሁሉ እዚያ ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። “እትዬ፣ ላንሳዎት?” ስላቸው “ምኔ ይነሳል? ጥርሴ አልቆ!” ብለው ሳቁና ተመልሰው ወደ መንገዱ ዞሩ። የዚያን ጊዜ በጥቁርና ነጭ አነሳሁ። ለማንሳት ጠይቄአለሁ። አደባባይ ላይ ለመስቀል ግን አልጠየቅሁም። ደስ ይላቸዋል ብዬም አስቤ ነበር፣ ይቆጡኛል ብዬም ፈርቼ ነበር፤ ሁለቱንም ሳልነግራቸው ቀኑ ደረሰ።

የፎቶግራፍ ፌስቲቫሉ የተዘጋጀው አዳራሽ ውስጥ ሳይሆን ውጭ፣ በመናፈሻው አጥር ዙሪያ ነው። ፎቶዎቹ በትልልቅ ባነር ታትመው በብረት ፍሬም ላይ ተወጥረዋል። ባጃጅ ነጂም፣ ተማሪም፣ ገበያ የሚሄድ ሰውም እያለፈ እንዲያይ ነው ተብሏል። እኔ ፎቶዬን በስልክ የላክሁት አይመረጥም ብዬ ነው። ሲመረጥ ተጠራጠርኩ። ከፌስቲቫሉ አዘጋጆች አስተባባሪ ሆና ከአዲስ አበባ የመጣችው ሉሊት የእኔን ፎቶ ከሁሉም ፊት፣ መናፈሻው በር ላይ ስታደርገው ደግሞ የባሰ ተጠራጠርኩ። እንደኔ ላለ ሰው ያለ ምክንያት ጥሩ ቦታ አይሰጠውም። ከጎኔ የነበረው ምንተስኖት የሚባል ከአዲስ አበባ የመጣ ፎቶ አንሺ ሲሆን፣ የዝዋይን ዓሣ አጥማጆችና የአዳሚ ቱሉን ማሳ አንስቶ ሰቅሏል። የእሱ ከበሩ ትንሽ ገባ ብሎ ነበር።

ሐሙስ ኅዳር 11 ቀን ሲከፈት ከፎቶዬ አጠገብ መቆም ስላፈርኩ ከመንገዱ ማዶ፣ ኢተፋ የሚባል ሸንኮራ አገዳ ሻጭ ጋሪ ጥላ ሥር ቆሜ እመለከት ነበር። ምንተስኖት እዚያ ድረስ መጥቶ “አንቺ ነሽ የሴትዮዋ ባለቤት?” አለኝ። “በአንቺ ሴትዮ ምክንያት የእኔን ዓሣ ዘወር ብሎ ያየው የለም። ቦታ እንቀያየር?” ብሎ ሳቀ። ኢተፋም ሳቀ። እኔ ግን ቀልድ መሆኑን አላመንኩም፤ ቃሉን ይዤው ቤት ገባሁ።

በዚያው ምሽት ከመሄዴ በፊት ኦቦ ጆቴ ብቻቸውን ከፎቶው ፊት ቆመው አይቻቸዋለሁ። የባነሩን ጠርዝ በጣታቸው እየዳሰሱ ለረጅም ጊዜ ቆሙ። ምን ፈልገው ነው ብዬ አሰብኩ እንጂ ቀርቤ አልጠየቅሁም።

እትዬ ሸዋወርቅ ሐሙስ ቀን ከማኅበራቸው ሴቶች ጋር ለኅዳር ሚካኤል ወደ ቢሾፍቱ ሄደው ነበር። አዳራቸው እዚያ ነበር። ስልካቸው ቻርጅ አልይዝ ስላለ ቤት ትተውት ሄደዋል። እኔና እናቴ የወንጌላውያን አማኞች ስለሆንን የበዓሉን ነገር አናውቀውም፤ ቤታቸው መቆለፉን ብቻ ነው የምናውቀው።

ዓርብ ኅዳር 12 ቀን ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ በመናፈሻው በኩል አለፍኩ። በፎቶው ዙሪያ፣ በአራቱም ጎን፣ መዳፍ የሚያህል ስፋት ያለው ጥቁር ጨርቅ ተሰፍቶበት አገኘሁት። ከሌሎቹ ፎቶዎች በአንዱም ላይ የለም። ጥቁርና ነጭ የሆነ የአንድ ሽማግሌ ሴት ፊት፣ ነጠላው እስከ ግንባር፣ ዙሪያው ጥቁር። ምን እንደሚመስል በአንድ እይታ አውቄዋለሁ። ምንተስኖት ነው ያደረገው ብዬ ወሰንኩ። እንድጮህለት፣ እንድለምነው፣ ሰው ፊት እንድዋረድለት ነው ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ደግሞ ሉሊት ናት አልኩ፤ ሰው እንዲሰበሰብላት። ሁለቱንም ሳልጠይቅ ጨርቁንም ሳልነካ ወደ ሥራዬ ሄድኩ። ፖሊስ ለምን አልነካሽም ብሎ ስለጠየቀኝ፣ ሰው ያየኛል ብዬ ነው ስል እመልሳለሁ።

በምሳ ሰዓት ተመልሼ ኢተፋ ጋሪ አጠገብ ቆሜ ሳለሁ ሁለት ሴቶች ከፎቶው ፊት ደረቁ። አንዷን አውቃታለሁ፤ የሰፈራችን እድር አባል ናት።

“ውይ! ሸዋዬ አይደለችም?”

“እሷው ናት! መቼ?”

“እኔ እንጃ። ትናንት ማታ ሳልፍ ግቢው ጭር ብሎ፣ በሯ ተቆልፎ ነበር።”

“ነፍስ ይማር። ለእድሩ እንኳን ሳይነገር!”

“ልጅዋ እኮ ከብሯል። ዛሬ መርዶ በባነር ሆኗል።”

ኢተፋ ሰምቶ ወደ እኔ ዞረ። “እቴ፣ ሴትዮዋ ሞቱ እንዴ?” ሲለኝ ራሴን በመነቅነቅ አልሞቱም አልኩት። “ታዲያ ሂጂና ንገሪያቸዋ!” አለኝ። ልሄድ ነበር። ምን ብዬ እንደምጀምር ሳስብ ሴቶቹ ፊታቸውን በነጠላ እየጠረጉ ባጃጅ ውስጥ ገቡ። ኢተፋ “አይ አንቺ! አፍሽን ለዓሣ ሰጥተሽዋል” አለኝ።

ቤት የደረስኩት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ነው። የእድሩ ሰዎች የድንኳን ብረትና አግዳሚ ከጋሪ ላይ እያወረዱ ነበር። ግቢው በሰው ሞልቷል። እናቴ ገበያ ነበረች። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ሐዲስ ሬሳው የት ሆስፒታል እንዳለ ሰውን ሁሉ ይጠይቃሉ፤ የሚያውቅ የለም። ለማስረሻ መተሐራ ላይ ሳለ በስልክ እንደተነገረው ሰማሁ። ያን ጊዜ ጋሽ ሐዲስ አጠገብ ሄጄ “አልሞቱም” አልኩ። ድምፄ ስላልወጣ ጎንበስ ብለው “ምን አልሽ ልጄ?” አሉኝ። ደገምኩት። እሳቸው ትከሻዬን ይዘው “አይዞሽ። መጀመሪያ ላይ ለሁሉም እንደዚያ ነው የሚመስለው” አሉኝ። አንዲት ሴት ውኃ አጠጣችኝ። ከዚያ በኋላ አልደገምኩትም።

ድንኳኑ ግማሽ እንደቆመ እትዬ ሸዋወርቅ ጠበል የያዘ ጀሪካን አንጠልጥለው ከባጃጅ ወረዱ። በሩ ላይ ቆመው ድንኳኑን አዩና “በስመ አብ! የማን ልቅሶ ነው?” ብለው ጠየቁ። ከሴቶቹ የጮኸች አለች፣ የሮጠችም አለች። ጋሽ ሐዲስ ባርኔጣቸውን አውልቀው “የአንቺ ነው፣ ሸዋወርቅ” አሉ።

“የእኔ? እኔማ ገና ምሳ አልበላሁም!”

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ። ፎቶው በጥቁር ጨርቅ ተከቦ መናፈሻ በር ላይ እንዳለ ሲነገራቸው ግን ሳቃቸው ቆመ፣ ጀሪካኑን አስቀምጠው ግማሽ ድንኳኑ ሥር ቁጭ አሉ። ማን እንዳነሳቸው ያውቃሉ። ዓይናቸውን ወደ እኔ አላነሱም፤ ስሜንም አልጠሩም። ለምን እንደተውኝ ሌሊቱን ሙሉ ስጠራጠር አደርኩ።

ብዙም ሳይቆይ ማስረሻ ደረሰ። መኪናውን መንገዱ መሐል ትቶ “እማዬ!” እያለ እየጮኸ ነው የገባው። እናቱን ተቀምጠው ሲያያቸው እግራቸው ሥር ወደቀ። “አለሁ እኮ፣ አለሁ። ተነስ፣ ሰው ያይሃል” ይሉት ነበር። ሲነሳ ፊቱ ሌላ ሆኗል። “መተሐራ ላይ ስልኩን ስዘጋ ከፊቴ አውቶቡስ ነበር። ሰው ይዤ ልጠፋ ነበር! ማነው የሰቀለው?” አለ። “የት ነው ያለው?” ሲል ጋሽ ሐዲስ ነገሩት። ወደ መኪናው ተመልሶ የጭነት ገመድ የሚቆርጥበትን ቢላ ሲያወጣ አይቻለሁ። ቅዳሜ ዕለት ለፖሊስ ያልተናገርኩት ይህንን ነው። አመሻሽ ላይ ተመልሶ ሲመጣ በብብቱ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ነበር። ምን እንደሆነ አላየሁም፤ እንዳላይ ፊቴን አዙሬአለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ፍሬሙ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ሉሊት ለፖሊስ ስልክ ደወለች። ምንተስኖት ወደ እኔ መጥቶ “ማን ነው እንዲህ ያደረገው? ከፈለግሽ እንደገና እናሳትመዋለን” አለኝ። ፊቱን አይቼ አሁንም ጠረጠርኩት። ፖሊሶቹ የጥበቃ ቤቱን ሲፈትሹ ጨርቁ የተቀደደ የጃንጥላ ብረት ተገኘ። ኦቦ ጆቴ ተጠይቀው የመለሱትን ራሴ ሰምቻለሁ። ጨርቁን የሰፉት እሳቸው መሆናቸውን፣ ሐሙስ ማታ ነፋሱ የባነሩን ጠርዝ መተርተር እንደጀመረና እንዳይቀደድ የአሮጌ ጥላቸውን ጨርቅ እንደሰፉበት ተናገሩ። “ጥቁር የሆነው ጥላው ጥቁር ስለሆነ ነው” አሉ። ፎቶውን ማን ወሰደው ተብለው ሲጠየቁ ግን “መልስ የለኝም” አሉ።

ሉሊት “ጨርቅ ሲሰፋ ያደረ ሰው ሲቆረጥ እንዴት አያይም? ራሱ ሸጦት ነው!” አለች። የኅዳር ነፋስ በአዳማ ምን እንደሚያደርግ እኔ አውቃለሁ፤ እሷ ግን እንግዳ ናት። ያን ጊዜ ለፖሊስ የሰጠሁት ቃል፣ ኦቦ ጆቴ ሐሙስ ማታ ብቻቸውን ከፎቶው ፊት ለረጅም ጊዜ ቆመው ሲዳስሱት አይቻለሁ የሚል ነው። እውነት ነው፤ ቆመው ነበር። ከዚያ ቃል በኋላ ወሰዷቸው። በአጠገቤ ሲያልፉ “ኢንተላ ኮ፣ አታልቅሺ፤ ሌላ ታነሻለሽ” አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው። የማለቅሰው ለፎቶው መስሏቸዋል።

ትናንት እሁድ ከሰዓት በኋላ እትዬ ሸዋወርቅ ጠርተውኝ ቤታቸው ገባሁ። ከሚካኤል ያመጡትን ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝ። “ለእናትሽ ንገሪያት፤ ያንን ቤት ለዘመድ እፈልገዋለሁ ያልኩትን ትቼዋለሁ። ኑሩበት” አሉኝ። እናቴ ከቤቱ እንዳያስወጡን ስንት ጊዜ እንደለመነቻቸው አውቃለሁ። ለምን ዛሬ እንደሆነ ግን ስላልገባኝ ዳቦውን በእጄ ይዤ ቆምኩ። ከቁም ሳጥኑ ጀርባ የባነር ጥቅል ብቅ ብሎ አየሁት። ዓይኔን ተከትለው አዩ።

“አላየሽም” አሉኝ።

ዓይኔን ከጥቅሉ ላይ አላነሳሁም።

“ምን ይዘጋሻል? ተናገሪ እንጂ!”

“ኦቦ ጆቴ ታስረዋል” አልኩ።

“ማነው እሱ?”

“የመናፈሻው ጥበቃ። እሳቸው ሰርቀውት ነው ተብሎ።”

እትዬ ሸዋወርቅ ቁጭ አሉ። ከዚያም የሚከተለውን ነገሩኝ። ማስረሻ ቢላውን ይዞ ሲደርስ ኦቦ ጆቴ በመጀመሪያ ከልክለውታል። እሱ እያለቀሰ “እናቴ ናት፣ በሕይወት ያለች እናቴን ገደላችኋት” ሲላቸው፣ ጨርቁን እሳቸው እንደሰፉት ነግረውት ይቅርታ ጠይቀውታል። ከዚያ “የእናትህ ፊት ከሆነ ከእኔ ይልቅ ላንተ ይገባል። እንዳትቀደው ብቻ” ብለው ገመዱን ከላይ በኩል ራሳቸው ፈተውለታል። ማስረሻ የታችኛውን ቆርጦ ይዞት መጥቷል። ጥበቃው እንደሚታሰሩ ማስረሻም እናቱም አላሰቡም።

“ይለቁታል። ሽማግሌ ሰው ምን ያደርጉታል?” አሉ እትዬ ሸዋወርቅ። “የእኔ ልጅ ግን ስሙ ፖሊስ ጣቢያ ከገባ የድንበር መግቢያ ፈቃዱን ይነጥቁታል። ከመኪና ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለም። ያለኝ እሱ ብቻ ነው፤ ታውቂያለሽ።”

አውቃለሁ አልኩ።

ጥቅሉን ከቁም ሳጥኑ ጀርባ አውጥተው አልጋው ላይ ሲዘረጉት ጥቁሩ ጨርቅ ከዙሪያው አልነበረም። በጥንቃቄ፣ ክሩ አንድ በአንድ ተፈትቷል። ሰው ያልወደደውን ነገር እንዲህ አይፈታም ብዬ አሰብኩ። አዩትና “ደህና አድርገሽ ነው ያነሳሽው። ማንን እንደምጠብቅ ያስታውቃል” አሉ። ከዚያ ጠቀለሉት። “እንግዲህ ከአንቺ ጋር ነው” አሉኝ። ዳቦውንና ቤቱን ለምን እንደሰጡኝ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ወይም የገባኝ መሰለኝ። ምናልባት እንዲሁ ለደግነት ሊሆን ይችላል። እኔ ሰው ደግ ሲሆንልኝ የምጠረጥረው ከልጅነቴ ጀምሮ ስለሆነ በዚህ ነገር ላይ እርግጠኛ ሆኜ መመስከር አልችልም።

ለእናቴ አልነገርኳትም። ብነግራት ዝም በይ ትለኛለች ብዬ ፈራሁ፤ ተናገሪ ትለኛለችም ብዬ ፈራሁ።

ዛሬ በምሳ ሰዓት በጣቢያው በር ሳልፍ አንዲት ሴት ምሳ ዕቃ በፌስታል ይዛ ከተራው ቆማ ነበር። የኦቦ ጆቴ ባለቤት አደ ጉዲቱ መሆናቸውን ያወቅሁት በኋላ ነው። እሳቸው ግን እኔን አወቁኝ፤ ቅዳሜ ሳለቅስ አይተውኛል። አፋን ኦሮሞና አማርኛ እየቀላቀሉ “አንቺ የፎቶዋ ልጅ አይደለሽም? ተገኘልሽ?” ብለው ጠየቁኝ። አልተገኘም አልኩ። “አይዞሽ፣ ይገኛል። እሱ ዓርብ ቤት ሲገባ ስለ ፎቶሽ ነበር የሚያወራው። ሴትዮዋን ሲያይ እናቱን እንደሚያስታውስ፣ ነፋሱ እንዳይወስዳት ጥላዬን ቀደድኩላት ሲለኝ ስቄበት ነበር” አሉኝ። ከዚያም ተራቸው ደርሶ ገቡ። ወደ ፎቶ ቤቱ አልተመለስኩም። ከጣቢያው አጥር ጥግ ቆሜ ቆየሁና ገባሁ።

ምክትል ሳጅን ቀነዓ፣ ፎቶግራፉ አሁን የት እንደሚገኝ ጠይቀውኝ፣ በወ/ሮ ሸዋወርቅ ቤት ከቁም ሳጥን ጀርባ እንደነበረ፣ ትናንት እሁድ በዓይኔ እንዳየሁት መልሻለሁ። የወሰደው ማን ነው ተብዬ ተጠይቄ፣ ልጃቸው ማስረሻ ነው ስል መልሻለሁ። ኦቦ ጆቴ አልሰረቁም፤ አልሸጡምም። ጨርቁን የሰፉት ፎቶው እንዳይቀደድ ነው። ምንተስኖትና ሉሊትም በጨርቁም ሆነ በመቁረጡ ነገር የሉበትም፤ የጠረጠርኳቸው በራሴ ሐሳብ ብቻ ነው። ማስረሻም ቢሆን የሌላ ሰው ንብረት ልውሰድ ብሎ ሳይሆን የእናቱን ፊት ከለቅሶ ላይ ላንሳ ብሎ መሆኑ እንዲጻፍልኝ ጠይቄ ተጽፏል። ፎቶግራፉን ያነሳሁትም የሰቀልኩትም እኔ እንደመሆኔ፣ በእኔ በኩል በማንም ላይ የማቀርበው አቤቱታ የለኝም። አቤቱታ ማቅረብ የአዘጋጆቹ ፈንታ ነው ተብሎ ስለተነገረኝ፣ ከዚህ ወጥቼ ሉሊትንም አነጋግራታለሁ።

ቅዳሜ ለምን ደበቅሽ ተብዬ ተጠይቄአለሁ። አልዋሸሁም ነበር ብዬ ራሴን አጽናንቼ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ከላይ የሰፈረው ቃሌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነቦልኝ አዳምጫለሁ። ያየሁትን እንዳየሁት፣ የሰማሁትን እንደሰማሁት፣ የጠረጠርኩትንም ጥርጣሬ መሆኑን ለይቼ ተናግሬአለሁ። ያስገደደኝም ሆነ ተስፋ የሰጠኝ ሰው የለም። ፍርድ ቤት ብጠራ ይህንኑ እደግማለሁ።

ከተነበበልኝ በኋላ የሚከተለው እንዲጨመር ጠይቄ ተጨምሯል። ምክትል ሳጅኑ ነገ ጠዋት ለማስረሻ መጥሪያ እንደሚላክ፣ ቤቱን የሚያሳይ ሌላ ሰው እንደሚገኝና ቃሉን ማን እንደሰጠ በዚያ ሰዓት ለማንም እንደማይነገር አስረድተውኛል። በግቢው ውስጥ ተከራይ ስለሆንኩ ለእኔ አስበው መሆኑን ተረድቻለሁ። ነገር ግን ነገ ጠዋት መጥሪያውን ከሚያደርሰው ፖሊስ ጋር አብሬ እሄዳለሁ። በሩን የማንኳኳው እኔ ነኝ። እትዬ ሸዋወርቅ ሲከፍቱ ከፖሊሱ ጀርባ አልቆምም፤ የተናገርኩት እኔ መሆኔን፣ እንዲሰማ አድርጌ፣ በራሴ አፍ እነግራቸዋለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ጂቱ ቶኩማ

ቃሉን የተቀበለው ፖሊስ ፊርማ፦ ምክትል ሳጅን ቀነዓ ጫላ